ከድሪቶ እስከ ዳሩ ሦስት ማዕዘን



«ድሪቶ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ልብስ አልቆ ሲቀደድ እላዩ ላይ እራፊ ይጣፋል፤ እራፊውም ሲያልቅ ሌላ እራፊ ይደረብበታል። እንዲህ እየተደራረበ መጀመሪያ ምን እንደነበረ የማይለይ ልብስ ድሪቶ ይባላል። ደሃ ለብሶታል፤ ዓለምን የናቀ ባሕታዊም ለብሶታል። ዛሬ ልብሱ ከዓይናችን ቢርቅም ቃሉ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። ከየቦታው የተለቃቀመ ሪፖርት ሲቀርብልን «ይሄ ድሪቶ ነው» እንላለን።

ማኅበራችን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መስፋት ሲጀምር ከእናቶቻችን አንዷ፣ «ልጆቼ፣ ድሪቶ ለብሼ ማደጌ ይበቃኛል፤ አሁን ደግሞ ሰፍቼ ልሽጥ?» ብለው ነበር። ሣቅን፤ ነገሩ ግን የሣቅ አልነበረም። ድሪቶና የምንሸጠው የአልጋ ልብስ ሁለቱም የተሠሩት ከቁራጭ ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ጥያቄው ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮን ኖሯል። አሁን ደግሞ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ ተጨምሮበታል። በሥራችን ላይ በጫፋቸው የቆሙ ካሬዎችና በዳር የሚገቡ ሦስት ማዕዘኖች ከመጡ ወዲህ ቆራጮቻችን፣ «ዳሩ የሚወስደው ጊዜ ከመሐሉ አያንስም፤ የሚከፈለው ግን በመሐሉ ካሬ ቁጥር ነው» ይላሉ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምንወስነው ይህንኑ ስለሆነ፣ አስቀድመን ነገሩ ከየት እንደመጣ በታሪክ ማየቱ መልካም መስሎናል።

መቀስ ያልነካው ልብስ

በሀገራችን ደጋ ጥጥ ወደ ልብስ የሚለወጠው በሴቶች እጅ ተጀምሮ ነው። ጥጡን ፍሬውን ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። ፈትሉ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሠራል። ከሸማኔው የሚወጣው ጨርቅ ወርዱ ጠባብ፣ ርዝመቱ ረጅም ነው። ያንን ርዝመት ከወርዱ ላይ ቀጥ አድርጎ መክፈል፣ ክፍሉን ጎን ለጎን ማገናኘት፣ ከዚያም መደራረብ ነው። ጋቢ የምንለው ይህ ጨርቅ አራት እጥፍ ሆኖ ሲደረብ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጨርቁ በሰያፍ አይቆረጥም። የጋቢው ረጅም ዳር ድሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ አጭሩ ዳር ማጉን ተከትሎ ይሄዳል። ጥለቱ የሚገባውም በዳር ነው። እናቶቻችን ጋቢ ሲገዙ መሐሉን ከማየታቸው በፊት ዳሩን ይዘው ይወጥሩታል። ዳሩ ቀጥ ካለ ሸማኔው ጎበዝ ነው፤ ዳሩ ከተወላገደ የቀረውን አያዩትም። ምክንያቱን በቃል ባይናገሩትም ዳር ማለት ጨርቁ ራሱን የሚይዝበት ቦታ እንደሆነ ያውቁ ነበር።

በሌላ በኩል ይህ ሥራ ሁሉ ክብር አልነበረውም። ሸማኔ በሙያው ይሰደብ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውም፣ ሸክላ የምትሠራዋም እንደዚሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ ሀገር ስለጎዳ ነው። ሸማኔው ግን ቢሰደብም ስም ነበረው፤ «የእገሌ ሥራ ነው» ይባልለታል፤ የእጁም ዋጋ ይቆረጥለታል። ፈታይዋ ግን ስምም ዋጋም አልነበራትም። አንድ ጋቢ የሚወጣው ፈትል የብዙ ሳምንት ማምሻ ሥራ ቢሆንም እንደ ቤት ሥራ ስለሚቆጠር በዋጋው ውስጥ አይገባም ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መቀስና ቁራጭ ሲመጡ

ቁርጥራጭ ጨርቅ በብዛት እንዲኖር በመጀመሪያ የሚቆረጥ ጨርቅ መብዛት አለበት። ይህ የሆነው የውጭ ጨርቅ ሲገባ ነው። አቡጀዲ የምንለው የፋብሪካ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካና ከሌላም ሀገር በቀይ ባሕር በኩል ይመጣ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ሀገሩ ለኢትዮጵያ ከምትሸጠው ዕቃ ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ጣቃ ጨርቁም፣ የስፌት መኪናውም ከበፊቱ ቀለል ብሎ ገባ። «ሲንገር» የሚለው ስም የመኪናው ሁሉ መጠሪያ እስኪመስል ድረስ በየቤቱ ተለመደ።

የልብስ ሰፊ ሥራ ከሸማኔ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሰው ቁመና ልክ ይቆርጣል። እጅጌ፣ አንገት፣ ብብት ሁሉ ክብና ሰያፍ መቁረጥ ይፈልጋል። ከመቀሱ ሥር የሚወድቀው ብጣሽ ደግሞ ባለቤት የለውም። የከተማ ሴቶች ያንን ብጣሽ እየለቀሙ ለትራስ፣ ለሕፃን መታቀፊያ፣ ለምጣድ ማሰሻ አዋሉት። የቀድሞው ድሪቶ ከእርጅና የተወለደ ነበር። ይህኛው ቁራጭ ግን አዲስ ሆኖ የሚጣል ነው።

ሴቶች ለመስፋት ተደራጅተው መሰብሰባቸውም አዲስ ነገር አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጅ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፋ ነበር። ጠላት የመርዝ ጋዝ ሲጠቀምም ከጨርቅ የፊት መሸፈኛ ሠርቶ ወደ ግንባር ልኳል። ልዕልት ፀሐይ ራሳቸው በዚህ ሥራ ውስጥ ነበሩ። የዚያን ጊዜዎቹ ሴቶች ለጌጥ ሳይሆን ለነፍስ ሰፉ። ስፌት ትንሽ ሥራ ነው ለሚለን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ጉለሌ የጨርቅ ሰፈር

እኛ የምንሠራበት የጉለሌ አካባቢም ከጨርቅ ጋር ያለው ታሪክ ረጅም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ ሲባል የማያውቀው የለም። ከዚያው ተራራ ደግሞ ሌላ የሴቶች ታሪክ ይወርዳል። ምኒልክ ያስተከሉት ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነው ወዲህ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚያወርዱት ሴቶች ናቸው። ከነሱ መካከል በዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እርዳታ ተደራጅተው፣ ሸክሙን ትተው ሸማ መሥራት የጀመሩ አሉ። ለዘመናት የወንድ ብቻ በነበረው መቀመጫ ላይ ሴቶች ተቀምጠው መወርወሪያ ያዙ። ይህ የሆነው ከኛ ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ዛሬ የሐበሻ ልብስ እንደ ቀድሞው ሳይቆረጥ አይለበስም። ሽሮ ሜዳ የሚሰፋው ቀሚስ በወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ይገባለታል፣ የአንገት ቅርጽ ይወጣለታል። ስለዚህ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሠራ ሸማ በየልብስ ሰፊው ቤት ብጣሽ ሆኖ ይወድቃል። ሥራችን ያንን ብጣሽ በኪሎ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ በየወፍራምነቱ ለይቶ የአልጋ ልብስ ማድረግ ነው።

መጀመሪያ ላይ ካሬዎቹን እንደ ሰሌዳ ቀጥ አድርገን ደረደርናቸው። ሲገጠሙ ዳራቸው ያለ ችግር ይወጣል፤ ሦስት ማዕዘን አያስፈልግም። የክፍያ ደንባችንም የወጣው በዚያን ጊዜ ነው፤ በካሬ ቁጥር። በኋላ ገዢዎች በጫፉ የቆመውን ካሬ ወደዱ። ጥለት ያለበት ቁራጭ በጫፉ ሲቆም በጥበብ ቀሚስ ላይ እንደምናየው ፈርጥ ይመስላል። ግን ካሬ በጫፉ ሲቆም የአልጋ ልብሱ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ያንን ጥርስ የሚሞላው በዳር የሚገባው ሦስት ማዕዘን ነው።

ከሌሎች ሀገር ሴቶች

በጫፉ የቆመ ካሬ በሌላ ሀገርም የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር በሚባለው ቦታ የሚኖሩት አሚሽ የተባሉ የገበሬ ማኅበረሰብ ሴቶች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሠሩት ድርብ ብርድ ልብስ ዛሬ በሙዚየም ይታያል። ንድፉ ቀላል ነው። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ካሬ በጫፉ ይቆማል፤ በአራቱ ጥግ አራት ትልልቅ ሦስት ማዕዘኖች ይገቡና ዙሪያው በሰፊ ጠርዝ ይዘጋል። አበባ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ውበቱ ልኩ ላይ ነው።

ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአላባማ ሴቶች ታሪክ ነው። በዊልኮክስ አውራጃ፣ አላባማ ወንዝ ዞሮ በሚያቅፈው ጊስ ቤንድ በተባለ መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ሱሪና ከዱቄት ጆንያ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። በኛ ቋንቋ ድሪቶ ልንለው እንችላለን። የመምረጥ መብታቸውን በጠየቁበት ዘመን ከአካባቢው የመጡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ፍሪደም ኪዊልቲንግ ቢ የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጉሙ የነጻነት የስፌት ደቦ እንደማለት ነው። ከትልልቅ ሱቆችም ትእዛዝ ተቀበሉ። ሲርስ ለተባለው ድርጅት የትራስ ልብስ በብዛት ሰፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የጊስ ቤንድ ብርድ ልብሶች በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ።

የእነዚህ ሴቶች ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ለቤታቸው ሲሰፉ ዳሩ ቢወላገድ ግድ አልነበራቸውም፤ ጨርቁ እንደመራቸው ይሄዱ ነበር፤ ሙዚየም የወደደውም ያንን ነጻነት ነው። ለትእዛዝ ሲሰፉ ግን ሁሉም በአንድ ልክ መውጣት ነበረበት። ሁለቱም ሥራ ክቡር ነው። በትእዛዝ የሚኖር ማኅበር ግን ዳሩን ማወቅ አለበት።

ሦስት ማዕዘኑ እንዴት ይቆረጥ?

አሁን ወደ መቀሱ እንግባ። አንድ የሸማ ቁራጭ ያዙና ድሩን ተከትላችሁ ሳቡት፤ አይለጠጥም። ማጉን ተከትላችሁ ሳቡት፤ ጥቂት ብቻ ይለጠጣል። ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ሳቡት፤ እንደ ላስቲክ ይሄዳል፤ ስትለቁትም ወደ ቦታው በሙሉ አይመለስም። በእጅ የተሠራ ሸማ ከፋብሪካ ጨርቅ ይልቅ ላላ ስላለ ይህ ጠባይ ይብስበታል።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ የአልጋ ልብሱ የውጭ ዳር በሰያፍ መውደቅ የለበትም። ድሩን ወይም ማጉን መከተል አለበት። እናቶቻችን የጋቢ ዳር ሲወጥሩ የሚፈትሹት ይህንኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ሦስት ማዕዘን አለ። የዳሩ ሦስት ማዕዘን ረጅሙ ጎኑ ወደ ውጭ ይወጣል። የጥጉ ሦስት ማዕዘን ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ስለዚህ አቆራረጣቸው ይለያያል።

ለዳሩ፦ ትልቅ ካሬ ቆርጠን ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት ጊዜ በመስቀል እንቆርጠዋለን፤ አራት ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የካሬው የውጭ ጎን የነበረው ረጅሙ ጎን ስለሆነ ዳሩ በቀጥታ ክር ላይ ይወድቃል።

ለጥጉ፦ አነስ ያለ ካሬ ቆርጠን አንድ ጊዜ ብቻ በሰያፍ እንከፍለዋለን፤ ሁለት ይወጣል። እዚህ አጫጭሮቹ ጎኖች ቀጥታ ክር ላይ ይቀራሉ።

ልኩስ? የካሬ ሰያፍ የጎኑ 1.414 እጥፍ ነው። ተሰፍቶ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ካሬ ብንወስድ ሰያፉ 28.3 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ሸማ ስለሚተረተር የስፌት ትርፋችን 1 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ትርፍ ለዳሩ ካሬ 4.8 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል፤ 33.1 ይመጣል፤ ወደ 33.5 እናሳድገዋለን። ለጥጉ 20ን ለ1.414 ስናካፍል 14.1 ይሆናል፤ 3.4 ስንጨምርበት 17.5 ከፍ ይላል፤ 18 እንቆርጣለን።

የሕፃን አልጋ ልብስ እንውሰድ፤ ወደ ጎን 3፣ ወደ ታች 4 ካሬ በጫፋቸው የቆሙበት። መሐል ለመሐል የሚገቡትን 6 ጨምሮ 18 ካሬ ይፈልጋል። የዳር ሦስት ማዕዘን 10፣ የጥግ 4 ያስፈልጋል። ተሰፍቶ ሲያልቅ 85 በ113 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ለዳሩ ከ3 ትልልቅ ካሬዎች 12 ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ 2 ይተርፋሉ። ለጥጉ 2 ካሬ ልክ ይበቃል።

መዝገቡ የሚለው

ሒሳብ ሥራችን ስለሆነ ከአባላት የቀረበውን አንድ ሐሳብ በወረቀት ፈትሸነዋል። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ «ለምን ለዳሩም ትንሽ ካሬ አንድ ጊዜ በሰያፍ እየቆረጥን አንጠቀምም? ትልቅ ካሬ ከብጣሽ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጨርቅም ይቆጥባል።» በዚህ መንገድ 23.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 5 ካሬዎች 10 ሦስት ማዕዘን ይሰጣሉ።

እናስላው። 5 ትንንሽ ካሬዎች 2,761 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይወስዳሉ። 3 ትልልቆች 3,367 ይወስዳሉ። ልዩነቱ 606 ነው፤ 25 በ24 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቁራጭ። በወር ሲደመር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ከትልልቆቹ የተረፉት 2 ሦስት ማዕዘኖች ለሚቀጥለው ሥራ ወደ ዕቃ ቤት ይገባሉ እንጂ አይጣሉም። የነሱ 561 ሲቀነስ እውነተኛው ልዩነት 45 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከአንድ የማስታወሻ ወረቀት የሚያንስ። ለዚያች ቁራጭ ብለን ዳሩን በሙሉ በሰያፍ ብንጥለው፣ በመጀመሪያው እጥበት ይለጠጥና እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይንቀጠቀጣል።

ትልቅ ካሬ ከብጣሽ አይገኝም የተባለው እውነት ነው። መፍትሔው ለዳሩ ብቻ ጣቃ ጨርቅ መግዛት ነው። መሐሉ ከብጣሽ፣ ዳሩ ከአንድ ወጥ ጨርቅ ሲሆን ሥራው ድሪቶ ከመምሰል ይድናል። ዳሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ዓይን መሐሉን እንደ አንድ ነገር ያየዋል።

መከርከም

የሰለጠኑት ሀገሮች ተሽከርካሪ ምላጭ ይጠቀማሉ፤ ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ነው። እኛ መቀስ፣ ሜትር፣ የሳሙና ስባሪና የአናጢ ስኳድራ አለን፤ ይበቃናል። ቆራጮቻችን የሚሠሩበት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይጨማተር፤ ከዚያ በአሚዶ ተነክሮ በካውያ ይተኮስ። አሚዶ የነካው ሸማ በሰያፍ ሲቆረጥ አይሸሽም።

ሁለተኛ፣ የዳሩን ካሬ 33.5 ሳይሆን 35 ቁረጡት። የሚጨምረው ጨርቅ ለአንድ የሕፃን አልጋ ልብስ የመሐረብ ሲሶ ቢሆን ነው። ይህ ትርፍ በእጅ ሥራ ላይ የሚመጣውን ጥቃቅን ልዩነት ይሸፍናል።

ሦስተኛ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከካሬው ጋር ስትሰፉ ቀጥ ያለውን ማዕዘን ከካሬው ማዕዘን ጋር ግጠሙ። ሹሉ ጫፍ ወደ ውጭ ይትረፍ። አጭሩ ጎን በሰያፍ ስለሆነ አትሳቡት፤ ከሥር አድርጉትና መኪናው ራሱ ይውሰደው። ካሬው ይይዘዋል።

አራተኛ፣ ሁሉም ተሰፍቶ ሲያልቅ ሥራውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉ። የካሬዎቹ ጫፍ ዳር ላይ የሚነካበትን ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ነጥብ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ በሳሙና ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹን በቀጥታ መስመር አገናኙና በዚያ ከርክሙ። ነጥቡ ላይ ከከረከማችሁ ጠርዙ ሲሰፋ የካሬው ጫፍ ይበላና ፈርጡ ጫፍ አልባ ይሆናል። ጥጎቹን በስኳድራ ፈትሹ።

ጠፍጣፋ ቦታ ያልነው በምክንያት ነው። የአብዛኞቻችን ቤት አንድ የአልጋ ልብስ አይዘረጋበትም። ባለፈው ዓመት የአባላት ቀናችንን በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ስናከብር የተጠናቀቁትን ሥራዎች ይዘን ሄድን። ማዕከሉ 705 ሔክታር ስፋት ያለው፣ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተመሠረተ ነው፤ ባሕር ዛፍ በነበረበት ተራራ ላይ ጽድና ሌሎች የሀገር ዛፎች ቦታቸውን እንዲያገኙ ይሠራል። ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፈን ሥራዎቹን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። ከርቀት ሲታዩ ቀለማቸው ሳይሆን ዳራቸው ለያቸው። ዳሩ በቀጥታ ክር የወጣው ተኝቶ ይታያል፤ ዳሩ በሰያፍ የተቆረጠው ናሙና እንደ ደረቀ እንጀራ ጫፉ ይነሣል። ያ እናታችን በዝግታ ዞረው ካዩ በኋላ አንዱን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ይሄ እንኳ ድሪቶ አይደለም፤ ይሄ ዳር አለው» አሉ። ለጠየቅነው ጥያቄ የተሰጠን መልስ ይህ ነበር። ድሪቶ የሚያሰኘው ከቁራጭ መሠራቱ አይደለም፤ ዳር ማጣቱ ነው።

ፈታይዋና ቆራጯ

አሁን ያቆየነውን ነጥብ እናንሣ። በጋቢው ዋጋ ውስጥ የሸማኔው እጅ ተቆጥሮ የፈታይዋ እጅ ያልተቆጠረው ሥራዋ ከሸማኔው ሥራ በፊት ስለሚመጣና «ዝግጅት» ስለሚባል ነው። ዝግጅት የሚባል ሥራ በመዝገብ ላይ ስም የለውም፤ ስም የሌለው ሥራ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ዛሬ በማኅበራችን ሦስት ማዕዘን የምትቆርጠዋና የምትከረክመዋ እህት በዚያው ቦታ ላይ እንዳትቀመጥ እንፈልጋለን። የካሬ ክፍያ ደንባችን ለቀጥታ ድርድር የወጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ልክ ነበር። በጫፉ ለቆመው ድርድር ግን አይሆንም። በሕፃን አልጋ ልብሳችን ላይ 18 ካሬ ይከፈላል፤ 14ቱ ሦስት ማዕዘኖች፣ አሚዶው፣ መለካቱ፣ መከርከሙ አይከፈሉም። ሥራው ከመሸጡ በፊት የሚወድቀው ወይም የሚነሣው ግን እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በክፍያ መዝገባችን ላይ «የዳርና የጥግ ሦስት ማዕዘን መቁረጥ» እና «መከርከም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይከፈቱ፤ ክፍያቸውም ለየብቻ ይወሰን። ሁለተኛ፣ የሚተርፉት ሦስት ማዕዘኖች በዕቃ ቤት ካርድ ላይ በቁጥር ይመዝገቡ፤ ማን እንደቆረጣቸውም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የዳሩ ጣቃ ጨርቅ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ቀድሞ ይቀነስ እንጂ ከቆራጯ ድርሻ አይነካ። ይህ ሲሆን የአንዱ አልጋ ልብስ ዋጋ ጥቂት ከፍ ይላል። ደጋፊዎቻችን ይህን እንድታውቁልን እንፈልጋለን፤ የጨመረው ገንዘብ የሚሄደው ወደ ዳሩ ነው።

አባላት ሆይ፣ ወደ ጉባኤው ስትመጡ እያንዳንዳችሁ አንድ የሸማ ብጣሽ ይዛችሁ ኑ። በድሩ፣ በማጉ፣ ከዚያም በሰያፍ ሳቡት። ድምፅ የምትሰጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።